ቡናው አይደለም፤ ባንኩ ነው

እናቴ ማታ ቡና ካልጠጣች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ሐኪም የደም ግፊቷን ለክቶ ቡና እንድትቀንስ ቢመክራት፣ «ቡናዬን ከወሰዳችሁ እንቅልፌንም አብራችሁ ውሰዱት» ብላው ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ቶናውን ስትቀዳ ማየቴ አልገረመኝም። የገረመኝ ኮምፒውተሬ ላይ በከፈትኩት አሮጌ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ያለው ወጣት የእሷን ክርክር እንዳለ መድገሙ ነው። ቡና እንቅልፍ አይነሳም፤ እንዲያውም ያስተኛል፤ ይህንንም አንድ ሐኪም ደርሶበታል ይላል። ተረጎምኩላት። ጀበናውን ከሲኒው በላይ እንደያዘች፣ «ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ልጁ ጂሚ ማክዶናልድ ይባላል፤ የተጫወተው ዲክ ፓወል ነው። ፊልሙ ፕሬስተን ስተርጅስ ጽፎ ያዘጋጀው «ገና በሐምሌ» ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የዛሬ ፊልም ሠሪ በዚህ ጊዜ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱን እንኳ አስተዋውቆ አይጨርስም። ርዕሱ ለእኛ ጆሮ ጭቃና ጎርፍ ያመጣል፤ የኒውዮርክ ሐምሌ ግን ሰው ከጠባብ ክፍሉ ሙቀት ሸሽቶ ጣራ ላይ የሚወጣበት ወር ነው። ፊልሙ የሚጀምረውም እዚያው ጣራ ላይ፣ ሬዲዮ አጠገብ ነው። ጂሚና እጮኛው ቤቲ፣ እሷን የምትጫወተው ኤለን ድሩ ናት፣ ስለ ትዳርና ስለ ባለ አንድ ክፍል ቤት እየተነታረኩ የአንድ ውድድር ውጤት ይጠብቃሉ።

ማክስፎርድ ሃውስ የተባለ የቡና ኩባንያ ለምርቱ አዲስ የማስታወቂያ መፈክር ለሚያመጣ ሰው 25,000 ዶላር አዘጋጅቷል። ኩባንያው የስተርጅስ ፈጠራ ነው፤ ማንን እየነካካ እንደሆነ ግን ተመልካቹ አላጣውም። ማክስዌል ሃውስ የተባለው እውነተኛ ቡና «እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይጥማል» በሚለው ማስታወቂያው በአሜሪካ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ጂሚ ራሱ ደግሞ ለሌላ የቡና ኩባንያ፣ ለባክስተር ነው የሚሠራው። በረድፍ ከተደረደሩት ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ ተደፍቶ የአንዱን ቡና ሒሳብ ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ጣራ ላይ ወጥቶ የሌላውን ቡና ሽልማት ይጠብቃል።

25,000 ዶላር ያኔ ምን ያህል ነበር? በ1940 የአሜሪካ ሕግ የደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 30 ሳንቲም ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 12 ዶላር ይሆናል። ይህ ሰው ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ሁሉንም ቢያጠራቅም 25,000 ላይ የሚደርሰው በ40 ዓመቱ ነው። ጂሚ ይህን 40 ዓመት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊዘለው ነው ጣራ ላይ ቁጭ ያለው።

ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት፦ እንቅልፍ ካጣህ ጥፋቱ የቡናው አይደለም፤ የባንኩ ነው።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ለእናቴ ማብራራት ነበረብኝ። ይህ «ባንክ» ገንዘብ የምናስቀምጥበት አይደለም። በእንግሊዝኛው ቃሉ bunk ነው፤ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ጠባብ አልጋ ነው፣ መርከብ ውስጥ ወይም ወታደር ቤት እንደሚገኘው ያለ፤ ሌላው ቅጥፈት፣ ፍሬ ቢስ ወሬ ማለት ነው። ልጁ ሰምና ወርቅ መሥራቱ ነው። አልጋው ሰም፣ ቅጥፈቱ ወርቅ። ችግሩ እንደ ቅኔ መምህር ቆሞ ካልፈታው በስተቀር ማንም አይገባውም። ለቤቲ ይፈታላታል፤ አልገባትም። ለሌላው ይፈታለታል፤ እሱም አልገባው። መፈክሯ በተነገረች ቁጥር የሰሚው ግንባር ይኮማተራል።

እናቴ ግን ማብራሪያዬን ከምንም አልቆጠረችውም። «የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው መቼ ተኝቶ ያውቃል? እውነቱን ነው» አለች። በእኛ ፊደል ይህም ቃል፣ የገንዘቡም ቤት ያው «ባንክ» ተብለው ስለሚጻፉ ቅኔው ወደ አማርኛ ሲሻገር ሦስተኛ ትርጉም ወልዶ አረፈው። እኔ ደግሞ ሦስተኛው ከሁለቱም ይሻላል ባይ ነኝ። ዳኛዋ እናቴ ብትሆን ኖሮ ጂሚ በዚያው ሌሊት ያሸንፍ ነበር፤ ፊልሙም በዐሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ታሪኩ የሚነሣው ከክፉ ቀልድ ነው። ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ከሌላ ቴሌግራም ላይ ፊደል ቆራርጠው፣ ለጥፈው «አሸንፈሃል» የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያኖሩለታል። (ቴሌግራም ስል ስልካችን ላይ ያለውን አይደለም፤ ፖስተኛ የሚያመጣውን ነው። ልዩነቱ ግን ያን ያህል አይደለም። «እንኳን ደስ አለዎት፤ የ1 ሚሊዮን ብር ዕድለኛ ሆነዋል» የሚል መልእክት ያልደረሰው ባለ ስልክ ካለ እጁን ያውጣ።) ጂሚ አንብቦ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ ቢሮው ሥራ ያቆማል፤ ቀልደኞቹ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ከእጃቸው ወጥቷል።

ከዚያ አለቃው ባክስተር ያስጠራዋል። ሌላ ሐሳብ ይኖረው እንደሆነ ይጠይቀዋል። ጂሚ ስለ ባክስተር ቡና የፈጠረውን አንድ መፈክር ይነግረዋል፤ ባክስተር ይደመማል፤ በዚያው ቅጽበት የግል ቢሮ፣ ስሙ የሚጻፍበት በር፣ ቤቲንም የግል ጸሐፊ አድርጎ ይሰጠዋል። ያንኑ መፈክር ትናንት ይዞ ቢመጣ ከበር አያልፍም ነበር። ቀጥሎ ጂሚ ቴሌግራሙን ይዞ ማክስፎርድ ዘንድ ይሄዳል። ዶክተር ማክስፎርድ ዳኞቹ ሳይነግሩት የወሰኑ መስሎት፣ እነሱን እየረገመ ቼኩን ይጽፍለታል። ቼኩን ለያዘ ሰው ደግሞ የአንድ ትልቅ መደብር ባለቤት ሺንደል በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትለታል። ከሦስቱ ቀልደኞች በቀር በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ውሸታም የለም። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያመነውን ሰው አይቶ ነው የሚያምነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት ከትልቅ ሰው እጅ ወደ ትልቅ ሰው እጅ ሲሻገር እየከበደ፣ እየከበረ ይሄዳል።

ጂሚ ደስታውን ሲናገር ስለ ገንዘቡ የሚያወራው ጥቂት ነው። ከዚህ በፊት ሐሳቦቹ ጥሩ ይሆኑ ይሆናል እያለ ይገምት እንደነበር፣ አሁን ግን ጥሩ መሆናቸውን እንዳወቀ ነው ደጋግሞ የሚናገረው። ይህን ሲል ፊልሙን ሳላቆም እናቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አባቴን ነው።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር አንድ የሎተሪ ቲኬት ይገዛል፤ ሁለት ገዝቶ አያውቅም። ቲኬቱን ዳዊቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዕጣው ሲወጣ ጋዜጣ ገዝቶ ይመጣና እራት ከተበላ በኋላ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል። በቤታችን ይህ እንደ ጸሎት ነበር፤ እስኪያበቃ ድረስ ማንም አይናገርም።

አንድ ምሽት ጣቱ ቆመ። እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ስለነበር ፊቱን አላየሁም፤ ያየሁት ጣቱን ነው። ጋዜጣው ላይ ጥፍሩ እስኪነጣ ተጭኗል። ከዚያ ተነሣና ኮቱን ለበሰ። ለምን ኮቱን እንደለበሰ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ የትም አልሄደም። ኮቱን እንደለበሰ ተመልሶ ተቀመጠና እናቴን «አንደኛው ዕጣ ለእኛ ወጥቷል» አላት። መርዶ የሚነግር ይመስል ነበር።

እናቴ እልል አላለችም፤ ተነሥታ በሩን ቆለፈች። ይሁን እንጂ በአንድ ግድግዳ ከሚለያዩ ጎረቤቶች ምን ይሰወራል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ጢም አለ። ከመጡት መካከል የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ቤታችን ረግጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። አባቴን ዕድሜውን ሙሉ «አንተ» ይሉት የነበሩት ዳኛ በዚያ ምሽት «እርስዎ» አሉት። ቃሏ እንዴት እንደወጣቻቸው አሁንም ይሰማኛል፤ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው ያወጧት።

አባቴ በእድሩ ስብሰባ ሁሉ የሚያነሣት አንዲት ሐሳብ ነበረችው። የድንኳኑ ቋሚዎች እንጨት ስለሆኑ በየክረምቱ ይበሰብሳሉ፤ በብረት ቧንቧ ይቀየሩ ነው የሚለው። ለሦስት ዓመት አነሣት፤ ለሦስት ዓመት «በይደር ትቆይ» ተባለች። ዳኛው በዚያ ምሽት ቡናቸውን ፉት እያሉ፣ «ያቺ የብረቷ ነገር፣ እውነት ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነች። እርስዎ እንዳሉት ማድረግ ነው» አሉ። አንደኛ ዕጣ ወጥቶለት ያልፈካው የአባቴ ፊት ያን ጊዜ ፈካ።

ከዚያ ተስፋ መስጠት ጀመረ። ለጎናችን ጎረቤት ለሚያፈሰው ጣራቸው ቆርቆሮ፣ ለባለ ሱቁ የቆየ ዱቤውን በሙሉ፣ ለእኔ ብስክሌት። እናቴን ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት «መጀመሪያ ይንጋ» አለችው።

ነጋ። የጠዋት ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ ጋዜጣውን እንደገና ዘረጋና እኔን ጠርቶ «አንብብልኝ» አለኝ። የመጨረሻዋ ቁጥር 3 አልነበረችም፤ 8 ነበረች። የጋዜጣው ቀለም ደብዝዞ፣ አምፖላችንም ቢጫ ስለነበር የስምንቷ ግራ ጎን ጠፍቶበታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ አላስነበበኝም። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ወደ ሥራው ሄደ። ኮቱን ለብሶ ያደረ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጂሚም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ሺንደል መደብር ገብቶ ለቤቲ ቀለበት፣ ለእናቱ ወደ አልጋ የሚለወጥ ሶፋ፣ ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ መጫወቻ ይገዛል። ጠባቡ መንገድ በልጆች ጩኸት ይሞላል፤ በሐምሌ ሙቀት ገና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ ይህ ልጅ ግን ሹመቱ ሳይጸድቅ ሰፈሩን አብልቶ ጨርሷል። እውነቱ ሲታወቅ ማክስፎርድና ሺንደል ሊያስመልሱ ይመጣሉ፤ ነዋሪው ይነሣባቸዋል፤ ቲማቲምና ዓሣ ይወረወራል። ይህን ክፍል ብዙም አልወደድኩትም። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላለች ሕፃን አሻንጉሊት አስታቅፎ ተመልካች ማስለቀስ እንደ ስተርጅስ ላለ ስለታም ጸሐፊ አይመጥንም። ዲክ ፓወልም ደስ ባለው ቁጥር ሲጮህ ጆሮ ይበሳል። እናቴ ግን ዓሣው ሲወረወር ከልቧ ሳቀች፤ ስለዚህ ፍርዴን አላጠብቀውም።

እኔ የምወደው ትዕይንት ከቴሌግራሙ በፊት የሚመጣው፣ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነው። የቢሮው ተቆጣጣሪ ሚስተር ዋተርቤሪ (ሃሪ ሄይደን) ጂሚ ሥራው ላይ ሐሳቡ እንደባከነ አይቶ ያስጠራዋል። ተግሣጽ እንጠብቃለን። ሰውዬው ግን እሱም በወጣትነቱ 25,000 ዶላር ያልም እንደነበር ይነግረዋል። አንድ ቀን ያን ገንዘብ በሕይወቱ እንደማያየው ገባው፤ ያኔም ተሸንፌያለሁ ብሎ ላለማሰብ ወሰነ። ዕዳውን ይከፍላል፤ ሰው ፊት ቀና ብሎ ይቆማል፤ ይበቃዋል። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ ሰዎች ብቻ ተሳካላቸው ተብለው የቀረው ሁሉ ወዳቂ የሚባልበት ሥርዓት ትክክል ሊሆን አይችልም ይላል። አንዳንድ ተመልካች ይህን የፊልሙ ድምፅ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ እንጃ። ሰውዬው የሚናገረው እውነቱን ነው፤ ግን ለስንተኛ ጊዜ ለራሱ እንደደገመው ከአፉ ቅልጥፍና ይታወቃል። እናቴ «ይህ ሰውዬ አባትህን ይመስላል» አለች፤ ስለ መልኩ አልነበረም።

ስተርጅስ ይህን ታሪክ በ1940 ዓ.ም. ድንገት አላሰበውም። ባለፈው መስመር ዓ.ም. ብዬ ስለተሳሳትኩ ይቅርታ፤ ዓመቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈው በ1931 «አንድ ሲኒ ቡና» በሚል ርዕስ ለመድረክ ነው፤ አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት በተመታበት፣ ሥራ ያለው ሰው ሥራዬን አጣለሁ ብሎ እንቅልፍ በሚያጣበት ጊዜ። ድንገተኛ ሀብትንም ከወሬ አይደለም የሚያውቀው። በመስከረም 1929 ብሮድዌይ ላይ የወጣ አንድ ቲያትሩ በአንድ ጊዜ ባለ ስምና ባለ ገንዘብ አደረገው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ። ከዚያ በፊት ደግሞ በእናቱ የመዋቢያ ዕቃዎች ንግድ ውስጥ ሲሠራ በመሳም የማይለቅ የከንፈር ቀለም ፈልስፎ ነበር። ሆሊውድ ከገባ በኋላ ጸሐፊ ብቻ መሆን ሰለቸው፤ አንድ የፊልም ጽሑፉን ራሱ እንዲያዘጋጀው ከተፈቀደለት በ10 ዶላር እንደሚሸጥ ለፓራማውንት ነገራቸው። ተስማሙ። ያ ፊልም ለወጥ የፊልም ጽሑፍ የተሰጠውን የመጀመሪያውን ኦስካር አገኘ። «ገና በሐምሌ» በዚያው ዓመት የተከተለው ሁለተኛ ሥራው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በ1959 አንድ የኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ሲሞት ያ ሁሉ ገንዘብ አብሮት አልነበረም።

የድንገተኛ ሀብት ነገር አብሮት የኖረ ይመስለኛል። ከ«ገና በሐምሌ» ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1937፣ ሚቸል ላይሰን ላዘጋጀው «ምቹ ኑሮ» ለተባለ ፊልም ጽሑፉን የጻፈው እሱ ነው። አንድ ባለ ባንክ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የ58,000 ዶላር የፀጉር ካፖርቷን ከጣራ ላይ ይወረውረዋል፤ ካፖርቱ አውቶቡስ ላይ የተሳፈረች ምስኪን ሠራተኛ ራስ ላይ ያርፋል። ጂን አርተር ናት የተጫወተችው። ካፖርቱን ያየ ሆቴል ሰፊ ክፍሉን ይሰጣታል፤ ነጋዴው ዕቃውን በዱቤ ያቀርብላታል። እሷ በቦርሳዋ ከሳንቲም በቀር የላትም። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረታችን ለስተርጅስ ትንሽ የሚያንስበት ይመስለኛል፤ በእሱ ፊልሞች ውስጥ ገንዘቡ አለ መባሉ ብቻ መንገዱን ይከፍታል።

የ«ገና በሐምሌ» መጨረሻ ማታ፣ ባዶው ቢሮ ውስጥ ነው። ጂሚና ቤቲ ለባክስተር እውነቱን ሊነግሩት ይመጣሉ። ባክስተር አንድ ቦታ ላይ የሚናገራት ነገር አለች፤ ከአባቱ የወረሰውን ገንዘብ ይዞ የቆየው በራሱ ፍርድ በመተማመን አይደለም ይላል። የጂሚን ሐሳብ የወደደው ሌላ ሰው 25,000 ዶላር ከፍሎበታል ብሎ ነው። ቤቲ ትነሣና ትከራከራለች። ሰው ዕድል ተሰጥቶት ቢያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ጭራሹን ዕድል ሳያገኝ ዕድሜው ማለቁ ግን ሌላ ነው ትላለች። ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ይሞከር። ባክስተር ያቅማማል፤ ደመወዝ ሳይጨመርለት፣ ለአጭር ጊዜ፣ እሺ ይላል።

የእኛ ዳኛም ከሁለት ሳምንት በኋላ በነበረው የእድር ስብሰባ ወደ «አንተ» ተመልሰዋል። ብረቱ ግን ለብየዳ ቤቱ ቀብድ ተከፍሎበት ስለነበር ወደኋላ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። ቋሚዎቹ ብረት ሆኑ፤ ሐሳቡ የማን እንደነበር ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ለጎረቤታችን የጣራ ቆርቆሮም አባቴ ከደመወዙ ሁለት ሁለት እየገዛ በዓመቱ ጨረሰላቸው። ብስክሌቱን እኔም አልጠየቅሁ፤ እሱም አላነሣ።

ከባክስተር ቢሮ ሲወጡ አንዲት ጥቁር ድመት በመንገዳቸው ታልፋለች። ቤቲ የጽዳት ሠራተኛውን ገዱ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብላ ትጠይቀዋለች። «ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነገር ይወሰናል» ይላታል። ሰውዬው ፍሬድ ቱንስ የተባለ ጥቁር ተዋናይ ነው፤ የዚያ ዘመን ሆሊውድ ብዙ ጊዜ በስሙ ሳይሆን «የበረዶ ቅንጣት» በሚል ማላገጫ ነበር የሚያስተዋውቀው። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ባለ ቢሮዎች ሁሉ የሚሻለውን ቃል ለእሱ መስጠቱ የስተርጅስ ብልጠት ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አለመስጠቱም የዘመኑ ነውር።

በመጨረሻም ቢልዶከር የሚባለው ዳኛ፣ ቀኑን ሙሉ «በጭራሽ አልስማማም» ብሎ ሌሎቹን ሲያደክም የዋለው (ዊሊያም ዴማረስት ያን ግትርነት ፊቱ ላይ ጽፎት ነው የሚዞረው)፣ ማክስፎርድ ቢሮ ዘው ብሎ ይገባል። ሌሎቹን አሳምኗል። አሸናፊው መፈክር የቡናውና የባንኩ ነው። ጂሚ በእርግጥ አሸንፏል፤ እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ፊልሙ እዚያው ላይ ያበቃል።

በ2011 የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ወጥቶ 22,000 የሚሆኑ ሰዎች «ተመርጣችኋል» የሚለውን ገጽ በዓይናቸው ካዩ በኋላ በኮምፒውተር ስሕተት ምክንያት ውጤቱ ተሰርዟል። ዕጣው በዚያው ዓመት ሐምሌ እንደገና ወጣ። ሁለተኛውን ውጤት ሊያይ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ጣቱ እንዴት እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ። አባቴ ቲኬት መግዛቱን እስኪሞት አልተወም፤ ማመሳከሩን ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ለእኔ አስረከበኝ። አንድ ጊዜ ትንሽ ዕጣ ወጣለት፤ የቲኬቱን ዋጋ ጥቂት እጥፍ ብትሆን ነው። ስነግረው «ቀን ሲሆን እንየው» አለ። ቀን ሲሆን አነበብኩለት። ጋዜጣውን ተቀብሎኝ አጠፈና «ሌላ ሰው ያንብበው» አለኝ።

ኮምፒውተሩን ስዘጋ እናቴ ሲኒዎቹን እያለቀለቀች ነበር። «ታዲያ ጠዋት ሲነግሩት ያምናል?» አለችኝ።

«ፊልሙ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው» አልኳት።

«ማለቁንማ አየሁ። ልጁን ነው የጠየቅሁህ።»

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም። ጀበናውን እንደገና ከሰሉ ላይ ጣደችና በረካው ሳይጠጣ ማንም እንደማይተኛ ነገረችኝ።